የሕፃን መድኃኒት በግምት አይሰጥም

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ትምህርቱን ሳይጨርስ ሻሽ ለመጠምጠም ለሚቸኩል ሰው ነበር። ዛሬ ግን ተግሣጹ በሻሽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የመድኃኒት ስም በማወቁ ብቻ የሐኪምን ጥምጥም በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ለእኅቱ ልጅና ለጎረቤቱ ልጅ መድኃኒት የሚያዝ የተማረ ሰው በየሰፈሩ በዝቷልና።

አሞክሲሲሊንን፣ አምፒሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልን በስማቸው የማያውቅ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ጥቂት ነው። ነገር ግን የመድኃኒቱን ስም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለማን፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአዋቂ ሰው ላይ ጉዳቱን ዘግይቶ ያሳይ ይሆናል፤ በሕፃን ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱ ሳይነጋ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ባክቴሪያ የሚያመጣቸውን የሕፃናት በሽታዎች ለማከም ስለሚሰጡት፣ አንቲባዮቲክ ስለሚባሉት መድኃኒቶች ጥቂት ለመነጋገር አስበናል።

አዲስ አበባን ከበው የሚገኙትን ከተሞች እንመልከት። በደብረ ብርሃን መንገድ ለገጣፎ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አሉ። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት አነስተኛ ከተሞችና የእርሻ መንደሮች ነበሩ። አሁን ግን ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ማለዳ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወርዱ፣ ሲመሽ በታክሲና በአውቶቡስ ተጋፍተው የሚመለሱ ናቸው። አያት በሩቅ አገር ቀርታለች፤ ጎረቤትም ገና አልተለመደም። ቀድሞ ልጅ ሲታመም ምክር የምትሰጠው አሮጊት በቤቱ ስለሌለች፣ የምክሩ ሥልጣን በቤቱ ውስጥ ለተማረው ሰው ተላልፏል ማለት ይቻላል።

እነዚህ ቦታዎች ደጋ ናቸው። የክረምቱ ብርድና የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ የሕፃናት ሳል በየቤቱ ይሰማል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ተማረው ወጣት ያዞራል። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ለዚህ ልጅ ምን ይሻለዋል?» ይሉታል። አላውቅም ማለት የሚያሳፍረው ስለሚመስለው ወደ መድኃኒት ቤት ይሄድና፣

«ለልጅ ሳል የሚሆን አሞክሲሲሊን ስጠኝ፤» ይላል።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ።»

መድኃኒቱ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ልጁን ያየው የለም፤ ትንፋሹን የቆጠረለት የለም፤ ክብደቱንም የመዘነው የለም። ወጣቱም ወገኑን የረዳ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሌላው ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይደክምም። ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሙ ከጠጣው የተረፈውን ሽሮፕ ከመስኮት ላይ አንሥቶ ለታናሹ ይሰጣል። ሦስተኛው ለአዋቂ የታዘዘውን ካፕሱል ፈትቶ፣ ዱቄቱን በጣቱ ከፍሎ በማር ያልሳል። እነዚህን ሦስቱን ሰዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ክፋት አይደለም፤ ሁሉም ልጁን ይወዱታል። የሚያመሳስላቸው ግምት ነው። እኛም የምንቃወመው ይኸንኑ ግምት ነው።

በመጀመሪያ ግን መድኃኒቱን እንዳንበድለው እንጠንቀቅ። አሌግዛንደር ፍሌሚንግ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 በለንደን ከተማ ፔኒሲሊንን ካገኘ ወዲህ፣ ቀድሞ ያለ ተስፋ ይታይ የነበረ ስንት በሽታ ተሸነፈ! በአገራችንም ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት 166 ሲሆኑ፣ በ2019 ጥናት ወደ 59 ወርደው ተገኝተዋል። ለዚህ መሻሻል ክትባቱም፣ ምግቡም፣ የእናቶች ትምህርትም ድርሻ አላቸው፤ ባስፈለገ ጊዜ በትክክል የተሰጠው አንቲባዮቲክም ድርሻው ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ክርክራችን «አንቲባዮቲክ አትስጡ» የሚል አይደለም። ለሚያስፈልገው ሕፃን ሳይዘገይ ይድረሰው፣ ለማያስፈልገው ደግሞ ከቶ አይሰጠው የምንል ነን።

ለመሆኑ ለማን ያስፈልጋል? አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ በሚባሉት ረቂቅ ተሐዋስያን ላይ ነው። ቫይረስ በሚባሉት ላይ ምንም ኀይል የለውም። የሕፃናት ጉንፋን፣ አብዛኛው ሳልና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ደግሞ ከቫይረስ ነው። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት አይደለም፤ ተራ ጉንፋንም ሊያልፍ ሲል እንዲህ ያደርጋል። ጉንፋን የያዘው ልጅ የሚፈልገው ዕረፍት፣ የእናቱ ጡት ወይም ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ትኩሳቱን የሚያበርድ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ሁኔታውን የሚከታተል ዓይን ነው።

በዚህ ጊዜ የተማረ ሰው ሊረዳ የሚችልበት፣ ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ትንፋሽ መቁጠር ነው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ከፍ አድርጎ፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍና ዝቅ እንደሚል አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል። ሳል የያዘው ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ይህ ቁጥር መድኃኒት ለመግዛት የሚያገለግል አይደለም፤ ተነሥቶ ለመሄድ የሚያገለግል ነው። ትንፋሽ ከአስምና ከትኩሳትም የተነሣ ሊፈጥን ስለሚችል ፍርዱ የባለሙያው ነው።

ከዚህ የባሰም ምልክት አለ። ልጁ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዝዞ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ቀን ይሁን ሌሊት አይጠበቅም፤ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። እንዲሁም ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ቢያተኩሰው፣ ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ ወይም ጡት እንቢ ቢል ለነገ አይባልም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ሽሮፕ ማቆየት፣ ቤቱ እሳት ይዞት ሳለ በጭልፋ ውሃ እንደ መርጨት ይቆጠራል።

ስለ ጉሮሮ ሕመምም አንድ ቃል እንጨምር። ሕዝባችን ማናቸውንም የጉሮሮ ሕመም «ቶንሲል» ይለዋል። አንዳንዱም እንጥል ለማስቆረጥ ይሮጣል፤ ይህ ደም የሚያፈስና መርዝ የሚያስገባ ጎጂ ልማድ ስለሆነ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። ሳልና ንፍጥ ያለበት የጉሮሮ ሕመም በብዛት የቫይረስ ነው። ነገር ግን ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም አለ። ይህኛው ሳይታከም ቢቀር ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ሊያስከትል፣ ከዚያም የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 በተከፈተው የልብ ሕክምና ማዕከል ተራ ከሚጠብቁት ልጆች መካከል በዚህ ምክንያት ልባቸው የተጎዳ አሉ። መድኃኒቱ ያው ጥንታዊው ፔኒሲሊን ነው፤ በወቅቱና በሙሉ መጠኑ ሲሰጥ ያንን ሁሉ መከራ ያስቀራል። እንግዲህ ሁለቱን የጉሮሮ ሕመሞች በመስኮት ላይ በተቀመጠ ተራፊ ሽሮፕ ለይቶ ማከም የሚችል ማን ነው?

ተቅማጥም እንዲሁ ነው። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ልጁን የሚገድለው የውሃና የጨው ማለቅ ነውና፣ የሚያድነው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ንጥረ ነገርና ከእርሱ ጋር ለ10 ወይም ለ14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ ነው። ተቅማጡ ደም የቀላቀለ ሲሆን ግን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ያንንም መርጦ የሚያዘው ባለሙያ ነው።

አሁን ደግሞ መድኃኒቱ በትክክል ታዘዘ እንበል። ሥራው ግን በማዘዣው አያልቅም፤ ቤት ሲገባ ገና ይጀመራል። የሕፃን መጠን የሚሰላው በክብደት ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች፣ አንዱ 9 ኪሎ ሌላው 13 ኪሎ ቢመዝኑ ያው ማንኪያ ለሁለቱ እኩል አይሆንም። ያነሰው መጠን ባክቴሪያውን ሳይገድል ያስቆጣዋል፤ የበዛውም ሆድ ያበላሻል፣ አንዳንዱ መድኃኒትም ከዚህ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ለአዋቂ የሚሆን ሁሉ ለሕፃን አይሆንም፤ ለምሳሌ የሚዋጠው ቴትራሳይክሊን 8 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሲሰጥ በማደግ ላይ ያለውን ጥርሱን ለዘለቄታው ያበልዘዋል።

በዱቄት መልክ የሚሸጠው ሽሮፕ የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ውሃውም በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ምልክት አይለፍ፣ አይጉደልም። ውሃ ያበዛ ሰው መድኃኒት ያበዛ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን መድኃኒቱን ማቅጠን ነው። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ ጠርሙሱን መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ዝቃጭ ይሆናሉ። የቡና ማንኪያና የሻይ ማንኪያ በየቤቱ ይለያያልና የሚለካው ከመድኃኒቱ ጋር በሚሰጠው መስፈሪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ እንደየዓይነቱ 7 ወይም 14 ቀን ብቻ ያገለግላል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ከዚያ የተረፈው ይደፋል እንጂ ለሚቀጥለው ሳል አይቀመጥም። ዛሬ በጤና ጣቢያዎች በጥቂት ውሃ የሚሟሟ የአሞክሲሲሊን እንክብል ለሕፃናት ይሰጣል፤ ይህ ብዙውን ስሕተት የሚያስቀር መልካም ዘዴ ነው።

የቀኑም ቁጥር በልክ ነው። ብዙ እናቶች ልጁ በሁለተኛው ቀን ፈገግ ሲል መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ «ለምን ደካማ ሆዱን አስቸግረዋለሁ» ይላሉ። አሳባቸው ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ሆኖም ትኩሳቱ የበረደው ባክቴሪያው ስለ ቀነሰ እንጂ ስላለቀ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ለ5 ቀን የታዘዘውን «ይበርታ» ብሎ 10 ቀን ማድረግም ትክክል አይደለም። የታዘዘው ቀን የታዘዘው ቀን ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ካልተሻለው ደግሞ መልሶ ማሳየት እንጂ በራስ ፈቃድ ሌላ መድኃኒት መቀየር አይገባም። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ሰውነቱን ቢያሳክከውና ሽፍታ ቢያወጣበት፣ ፊቱና ከንፈሩ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ይኸንንም መድኃኒት በስሙ ጽፎ መያዝና ወደ ፊት ለሚያክመው ሁሉ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ መርፌ ያለውም እምነት መታረም አለበት። በአገራችን «መርፌ ካልተወጋ አልታከመም» የሚል አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው፤ ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ሲያዝ የናቀን የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለው መመሪያው መሠረት፣ አደገኛ ምልክት የሌለበት የሕፃናት የሳንባ ምች በሚዋጥ አሞክሲሲሊን ይታከማል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ለተለመደው በሽታ ቀድሞ የሚሰጥ፣ ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚሰጥ፣ ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ ነው። አሞክሲሲሊን ከአንደኛው መደብ ነው። ብዙ ሰው «ጠንካራው» እያለ የሚፈልገው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ግን ከሁለተኛው መደብ ነው። ለተራ ሳል ሴፍትሪያክሶን መውጋት የክት ልብስ ለብሶ እንደ ማረስ ነው፤ የክቱ ልብስ በሚፈለግበት ቀን ተቀዶ ይገኛል።

ይህ መቀደድ እንዴት ይሆናል? ሰዎች «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲሉ እንሰማለን። መድኃኒቱን የሚለምደው ግን ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያው ራሱ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። በሚልዮን ከሚቆጠሩት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ቢኖሩ፣ ያለ ምክንያት ወይም ባነሰ መጠን የተሰጠው መድኃኒት ደካሞቹን ጠርጎ ቦታውን ለብርቱዎቹ ይለቅላቸዋል። እነዚያም ይራባሉ፤ ጥበባቸውንም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ እስከ ማስተላለፍ ይደርሳሉ። ከዚያም ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ፍሌሚንግ ራሱ ይህ እንደሚመጣ አውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎ ባደረገው ንግግር፣ ጉሮሮውን ስላመመው ሰው አንድ ምሳሌ አቅርቧል። ሰውየው ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል፤ ተሐዋሲው አይሞትም፤ መድኃኒቱን መቋቋም ግን ይማራል። በኋላ በሽታው ወደ ሚስቱ ተላልፎ የሳንባ ምች ይዟት፣ ፔኒሲሊኑ ሳይሠራላት ትሞታለች። ሳይንቲስቱ ለአድማጮቹ ያቀረበው ጥያቄ ለዚህ ሞት ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀናል።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 1.27 ሚልዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ ከሟቾቹም ከአምስቱ አንዱ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። እጅግ ከተጎዱትም ክፍሎች አንዱ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለው አፍሪካችን ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ላይ መክሮ፣ በዓለም ለሰው ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከአንደኛው መደብ እንዲሆን እስከ 2030 ግብ አስቀምጧል።

ነገሩን በቅርባችን ባለው ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው በለገጣፎ በኩል ካለው ከለገዳዲ፣ በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ ግድብ ነው። ከግድቡ በላይ ቆሞ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ውሃውን የሚጠጣውን ሕፃን አያየውም፤ ስሙንም አያውቀውም። አንቲባዮቲክም እንዲሁ የጋራ ግድብ ነው። ለገጣፎ ላይ ያለ ምክንያት የተሰጠው ሽሮፕ የሚያደርሰው ጉዳት በዚያው ልጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ነገ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ጊዜው በተወለደ፣ ደሙ በተመረዘ ጨቅላ ላይ ግን ይታያል፤ ሐኪሙ አንዱን መድኃኒት ሲሰጥ አልሠራ፣ ሁለተኛውን ሲሰጥ አልሠራ ይለዋል። መድኃኒቱን ያባከነውና ዋጋውን የሚከፍለው ሰው አለመተዋወቃቸው ነው የዚህ ጥፋት ክፋቱ።

እዚህ ላይ የሚቃወመን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። «ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ እናት ግን ለመታከም ስትሰለፍ የቀን እንጀራዋ ይቀራል፤ ተራዋ ደርሶ ብትታይም መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ ትባላለች። መጨረሻው መድኃኒት ቤት ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ወደዚያ አትሄድም?» ይሉናል። ይህ ሙግት ብርቱ ነው፤ እኛም አንንቀውም። እናቲቱን መውቀስም አሳባችን አይደለም። ነገር ግን ከሙግቱ የሚወጣው ፍርድ «እንግዲያው በግምት ይሰጥ» የሚል አይደለም፤ «እንግዲያው ትክክለኛው መንገድ ያጥር» የሚል ነው። መንገዱን የሚያሳጥሩትም፣ በየጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ ያሉት እናንተ ወጣት ባለሥልጣኖች ናችሁ።

በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ፣ ለታመሙ ሕፃናት ማለዳ ከሥራ ሰዓት በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ የሚከፈት ክፍል ብታዘጋጁ የስንት ሰው ቀን ይተርፋል? በግዢና በገንዘብ ክፍል የምትሠሩ፣ የሕፃናት አሞክሲሲሊን፣ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፉ ወረቀቱን ሳታውሉ ሳታሳድሩ ብትፈርሙ፣ ያ ፊርማ ራሱ ሕክምና ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን የምታስተባብሩ፣ በኪራይ ቤት የሚኖረው አዲስ ነዋሪም እንዲመዘገብ ብታግዙ፣ እናቲቱ በኪሷ ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ከምርመራ አትሸሽም። የመሥሪያ ቤት አለቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ ልጇ የታመመባትን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ስትፈቅዱላት ያንን እንደ ስንፍና አትቁጠሩባት።

የመድኃኒት ቤት ሥራም የንግድ ብቻ አይደለም። በአገራችን አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ ይህንም የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ነገር ግን ከመሸ በኋላ በየመስኮቱ የሚቆም ተቆጣጣሪ ሊኖር አይችልም። በዚያ ሰዓት ሕጉን የሚያስከብረው የባለሙያው ሕሊና ብቻ ነው። «ልጁን ሳያሳዩ ይህን አልሸጥም፤ ትንፋሹ ፈጥኗልና አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» የሚል ፋርማሲስት አንድ ደንበኛ ያጣ ይመስላል፤ እኛ ግን ከነጋዴ ወገን ወጥቶ ከሐኪም ወገን የገባ ሰው እንለዋለን። ገዥውም ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው ሊያመሰግነው እንጂ ሊቆጣው አይገባም። በገጠሩም ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በየጤና ኬላው የሕፃናትን የሳንባ ምች ለይተው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ከከተማ ዳር ያለው ገበሬ ልጁን ታቅፎ ወደ አስፋልቱ ከመሮጡ በፊት በአቅራቢያው ያለውን ጤና ኬላ ቢያንኳኳ ይበጀዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መድኃኒት የማያስፈልገው ልጅ ማሳደግ ነው። በአገራችን የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ሁለቱን የሚከላከሉ ክትባቶች፣ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2007፣ ሌላው ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ ይሰጣሉ። የክትባቱ ካርድ በሣጥን የሚቆለፍ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቀኑን ጠብቆ መሄድ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የከሰልና የእንጨት ጭስ ሕፃን ከሚተኛበት ክፍል ማራቅ፣ የእነዚህ ዋጋ ከአንድ ጠርሙስ ሽሮፕ አይበልጥም።

በመጨረሻ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል አለን። በቤታችሁም በሰፈራችሁም ምክራችሁ ይሰማል፤ ይህ ትልቅ አደራ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ከእናቲቱ ጋር አብራችሁ ስትሄዱ ለባለሙያው ይህን ጠይቁላት፤ የልጁ ሕመም ምንድን ነው? አንቲባዮቲክ በእውነት ያስፈልገዋልን? በምን መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ይሰጠው? ምን ምልክት ሲታይ መልሰን እናምጣው? መልሱንም በምታነበው ቋንቋ፣ ማንበብ ካልቻለች በሚገባት ምልክት ጽፋችሁ ከጠርሙሱ ላይ ለጥፉላት። ባለሙያው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ባዶ እጃችንን ተመለስን አትበሉ፤ ልጁ ተመርምሮ ደኅንነቱ ታውቋልና።

«አንተ የተማርህ ነህ፤ ምን ይሻለዋል?» ተብላችሁ ስትጠየቁም፣ የመድኃኒት ስም ለመጥራት አትቸኩሉ። ሰዓታችሁን አውጥታችሁ የልጁን ትንፋሽ ቁጠሩ፤ ከዚያም ሳታፍሩ «አላውቅም፤ ልጁን እቀፉት፣ እንሂድ» በሉ። የመማር ጥቅሙ የሚያውቁትን ከማያውቁት መለየት ነው፤ ሕፃኑም ከተማረው ዘመዱ የሚጠብቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።